ግልገል ሲጮኽ ትንፋሹ የት ነው? የአንጎል ግንድን እገዳ በስልክ ቀረጻ የመለኪያ ዝርዝር መመሪያ

ሀዋሳ ውስጥ የባዮሎጂ ተማሪዎችን የመስክ ሥራ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ርዕስ በተደጋጋሚ ሲበላሽ ተመልክቻለሁ። «የአንጎል ግንድ (አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር ጋር የሚያያይዘው ክፍል) የእንስሳትን ድምፅ እንዴት ይቆጣጠራል?» የሚለው ነው። ተማሪዎቹ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ፣ የሰሙትን ሁሉ ይቀዳሉ፣ ከዚያም ዝምታ ባገኙበት ቦታ ሁሉ «እዚህ ላይ እገዳ አለ» ብለው ይጽፋሉ። ዝም ያለ እንስሳ ግን ጠግቦ ሊሆን ይችላል፤ ደክሞት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠራው አጥቶም ሊሆን ይችላል። እገዳን፣ ማለትም አንዱ የነርቭ ሕዋስ የሌላውን ሥራ ማስቆሙን፣ ማየት የሚፈልግ ሰው እንስሳው ለመጮኽ ተነሳስቶ ሳለ ድምፁ የሚቆረጥበትን ቅጽበት መያዝ አለበት። ያ ቅጽበት ትንፋሽ የሚሳብበት ነው።

ይህንን ለመሥራት አንድ ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና የሚጮኹ የፍየል ግልገሎች ይበቋችኋል። ለእያንዳንዱ ግልገል ቀረጻው አንድ ጧት ይፈጃል፤ ምልክት ማድረጉ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ሁለተኛው አሰልቺ ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸውም እዚያ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ የምትፈልጉትን እወቁ

ከአንጎል ክፍሎች ሦስቱን ብቻ በአእምሯችሁ ያዙ።

ከታች ጀምሩ። በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል፣ በሜዱላ ውስጥ፣ ሬትሮአምቢጉስ የሚባል የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ። ከእርሱ የሚነሳው ትእዛዝ በማንቁርት ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያቀራርባል። የሚወጣው አየር በጠበበው ቀዳዳ ሲያልፍ አውታሮቹ ይርገበገባሉ፤ ድምፅ ይሆናል።

ሁለተኛው ፕሪቦትዚንገር ኮምፕሌክስ ነው። (ስሙ ከጀርመን ወይን ጠጅ የተወሰደ ነው፤ አትገረሙ።) ትንፋሽ የመሳብን ምት የሚመታው ይህ ስብስብ ነው። የመሳብ ተራ ሲደርስ የሬትሮአምቢጉስን ሕዋሳት ያግዳል፤ አውታሮቹ ይላቀቃሉ፣ አየር ይገባል፣ ድምፁ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2024 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፋን ዋንግ ቡድን ይህንን በአይጦች ላይ አሳይቷል። የሬትሮአምቢጉስን የድምፅ ሕዋሳት ሲያነቃቁ አይጦቹ ድምፅ ያሰማሉ፤ የመተንፈስ ፍላጎት ግን አሸንፎ ይገባል። ወደ እነዚያ ሕዋሳት የሚደርሰውን የእገዳ ግንኙነት ሲያጠፉት የድምፅና የትንፋሽ ቅንጅት ፈረሰ።

ሦስተኛው ከላይ፣ በመካከለኛው አንጎል የሚገኘው ፔሪአኩዳክታል ግሬይ ነው። ፈቃድ ሰጪ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት የዚህ ክፍል የተወሰኑ ሕዋሳት ሥራቸውን እንዲያቆሙ ሲደረግ ወንድ አይጦች ሴቷን መከተላቸውን ሳይተዉ ድምፃቸው ብቻ ጠፋ። ይህም ክፍል በእገዳ ሥር የሚኖር ነው፤ የሚከፈትበት አንዱ መንገድ አጋጁ ራሱ ሲታገድ ነው። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ሌላ ዘበኛ መጥቶ ሲያስነሳው እንደማለት ነው።

በስልክ ቀረጻ ልትደርሱበት የምትችሉት የሁለተኛውን ውጤት ብቻ ነው። ሦስተኛው ከውጭ አይታይም። ይህንን ልዩነት ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ሪፖርት ስትጽፉ ያድናችኋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «አየር እየገባ ድምፅ ማውጣት አይቻልም፤ ታዲያ ድምፁ የሚቆመው በሳንባ ምክንያት እንጂ በአንጎል መች ሆነ?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም አፋችን ላይ ነው። ሰው ሲያወራን «እ!» ብለን የምንስማማው ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን ነው። አየር እየገባም ማንቁርት ድምፅ መስጠት ይችላል ማለት ነው። አህያ ደግሞ ይህንን በጉልህ ታደርገዋለች፤ በደረጃ 9 እንመለስበታለን።

ደረጃ 1፦ እንስሳውን ምረጡ

ግልገል ምረጡ። ቆዳው ቀጭን፣ ጸጉሩ አጭር የሆነና ጎኑ ሲነሳና ሲወርድ በዓይን የሚለይ ይሁን። ብዙ የሚጮኽ መሆኑንም ከባለቤቱ ጠይቁ።

የሀዋሳ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ጉሬዛን ነው። የጉሬዛ የንጋት ጩኸት እጅግ ደስ ይላል፤ ግን እንስሳው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው፣ ረጅሙ ጸጉሩም ትንፋሹን ይሸፍናል። ተዉት። አሞራ ገደል የሚርመሰመሱት አባ ኮዳዎች ደግሞ ድምፅ አልባ ናቸው ቢባል ብዙ ስህተት አይሆንም፤ ከእነርሱ የምትሰሙት መንቆር ሲንቋቋ ነው። ይህ የማንቁርት ጉዳይ አይደለም። የሐይቁ ዳር እንቁራሪትም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንቁራሪት አፉንና አፍንጫውን ዘግቶ አየሩን በሳንባውና በጉሮሮው ከረጢት መካከል እያመላለሰ ስለሚጮኽ ለእያንዳንዱ ጩኸት አዲስ ትንፋሽ አይስብም። አንድ ቡድን ሦስት ሌሊት እንቁራሪት ቀድቶ መጥቶ የትንፋሽ መቋረጥ ፈልጎ አጥቷል። የሌለ ነገር ነበር የሚፈልገው።

ቢያንስ ሦስት ግልገሎች ያስፈልጋሉ። ከአንድ ግልገል የተሰበሰበ 50 ጩኸት ስለዚያ አንድ ግልገል ብቻ ይናገራል።

ደረጃ 2፦ ሰዓትና ቦታ

ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቅረጹ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ነገር ያጋጥማችኋል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል፤ ባጃጁ ይበዛል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሙቀቱ ነው። የሞቀው ግልገል ያለከልካል፤ ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ሲሆን አንዱን ከአንዱ መለየት አትችሉም። ያረፈች ትልቅ ፍየል በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ግልገል ከዚያ ይፈጥናል። በዓይናችሁ ቆጥራችሁ መከተል ካቃታችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡትና እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ዋናው መንገድ ዳር ካለ ግቢ ይልቅ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ያሉ ጸጥ ያሉ ጓሮዎችን ፈልጉ። የቆርቆሮ አጥር ያለበት ጓሮ ድምፅ ያስተጋባል፤ የጩኸቱ መጨረሻ ተጎትቶ ይሰማል። ምርጫ ካላችሁ የቁጥቋጦ አጥር ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ ጠይቁ፣ እንስሳውን አታስጨንቁ

በመጀመሪያው ዓመት ፍየል ወዳላቸው አንዲት እናት ግቢ ገብቼ ግልገሉን ከእናቱ ለይተን ልናስር መሆኑን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ለምን ታስረዋለህ?» አሉኝ። «እናቱ ለግጦሽ ስትወጣ ናና ቁም። ጆሮህ እስኪደነቁር ይጮኽልሃል።»

ትክክል ነበሩ። ትልልቆቹ ወደ ግጦሽ ሲነዱ ግልገሎቹ ቤት መቅረታቸው የዘወትር ሥርዓት ነው፤ ጩኸቱም በራሱ ይመጣል። ስለዚህ እናንተ መለያየትን አትፍጠሩ፤ ያለውን ተጠቀሙ። እናቱ ከወጣች በኋላ ቀረጻው ከ10 ደቂቃ አይለፍ።

ክልክል የሆኑ ነገሮች፦ ጆሮ መጎተት፣ መቆንጠጥ፣ በውሻ ማስፈራራት። ጭካኔ ነው። ደግሞም የሕመም ጩኸት ከመጣራት ጩኸት የተለየ ስለሆነ ውጤታችሁን ያበላሻል። ግልገሉ ከተኛ ወይም ጡት ለመጥባት ከፈለገ ሥራው ለዕለቱ አብቅቷል። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ደረጃ 4፦ ስልኩን አዘጋጁ

1. የቪዲዮውን ፍጥነት በሰከንድ 60 ምስል አድርጉ። በ30 ምስል እያንዳንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ይሸፍናል፤ በ60 ወደ 17 ይወርዳል። የምትፈልጉት የትንፋሽ መገልበጫ ነጥብ (መሳብ ወደ ማስወጣት፣ ማስወጣትም ወደ መሳብ የሚዞርበት) ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።
2. ቢያንስ 3 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አስቀሩ። 10 ደቂቃ ጥራት ያለው ቪዲዮ ከ1 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል።
3. ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። በቀረጻ መካከል የሚገባ ጥሪ ቪዲዮውን ይቆርጠዋል።
4. ማይክሮፎኑ የት እንዳለ እወቁ። አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ የታችኛው ጠርዝ ነው፤ የብዙ ሰው ጣትም እዚያ ላይ ነው።
5. ነፋስ ካለ ማይክሮፎኑ ላይ ስስ ስፖንጅ በላስቲክ እሰሩ። ጨርቅ ደራርባችሁ አትጠቅልሉ፤ ድምፁ ይታፈናል።
6. ስልኩን በእጅ አትያዙ። ሦስት እግር ማቆሚያ ከሌላችሁ በርጩማ ላይ በድንጋይ አስደግፉት።

በደብዛዛ ብርሃን ስልኮች በሰከንድ የሚያነሱትን የምስል ቁጥር ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ አይነግሯችሁም። ፀሐይ ሳትወጣ አትቅረጹ።

ደረጃ 5፦ ቀረጻ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የማያቸው ቪዲዮዎች ግማሹ የሚጣሉት በአንድ ምክንያት ነው፤ ግልገሉ ከጎኑ ተቀርጿል። ፎቶ ሲሆን ያምራል። ነገር ግን ጎኑ ሲነፋ ወደ ካሜራው ስለሚመጣ በምስሉ ላይ እንቅስቃሴው አይታይም። ከኋላ በቀኝ በኩል አዘንብላችሁ፣ ካሜራውን በጀርባው ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ። ያን ጊዜ የጎኑ መስመር ከበስተጀርባው ተለይቶ ሲወጣና ሲገባ ታዩታላችሁ።

ቀኝ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የሚያመሰኩ እንስሳት ትልቁ ጨጓራ በግራ በኩል ስለሆነ እርሱ ሲንቀሳቀስ ግራ ጎን ከትንፋሽ ጋር የማይገናኝ እብጠት ያሳያል። በጣም ትንሽ ግልገል ላይ ጨጓራው ገና ስላላደገ ችግሩ ይቀንሳል፤ ልማዱን ግን ከወዲሁ ያዙ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ከግልገሉ ማዶ አንድ ወጥ ቀለም ያለው አንሶላ ስቀሉ። ጥቁር ለሆነ ግልገል ነጭ፣ ነጭ ለሆነ ደግሞ ጠቆር ያለ።
2. ስልኩን በ2 ሜትር ርቀት አቁሙ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ በ2 ሜትር የሚዘገየው 6 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። 10 ሜትር ከራቃችሁ ወደ 29 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ ሁለት ምስል ያህል ማለት ነው።
3. ቀረጻውን ጀምሩና ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። እጆቻችሁ ሲገናኙ በምስሉ መታየት አለበት።
4. ቀን፣ ሰዓትና የግልገሉን መለያ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ማንም አያውራ።
5. እናቱ ከመውጣቷ በፊት አንድ ደቂቃ ጸጥ ያለ ትንፋሽ ቅረጹ። ይህ ደቂቃ ለስሌቱ የግድ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ሰው የሚረሳውም እርሱን ነው።
6. እናቱ ከወጣች በኋላ እስከ 10 ደቂቃ ቀጥሉ። አንድ ሰው ከጎን ሆኖ የጮኸው ይኸው ግልገል መሆኑን በወረቀት ይመዝግብ፤ የጎረቤት ፍየል ጣልቃ ትገባለችና።
7. ከማቆማችሁ በፊት እንደገና አጨብጭቡ።

*ችግር ከገጠመ፦* ግልገሉ ከተንቀሳቀሰ ስልኩን እየዞራችሁ አታሳድዱት። ቅጠል አስቀምጡለትና ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቁ። እየበላ የጮኸውን ግን አትቁጠሩ፤ ማኘክና መዋጥ ትንፋሽን ያቋርጣሉ። ድምፁ ከመጠን በላይ ገንኖ ጫፉ ከተቆረጠ ስልኩን ወደ 3 ሜትር አርቁ። የስልክ ቪዲዮ የድምፅ መጠንን ራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ከዚህ ቀረጻ ላይ «ይህ ጩኸት ከዚያኛው ይበረታል» ማለት አትችሉም። የምትለኩት ጊዜን ነው።

ደረጃ 6፦ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር አዛውሩ

በኬብል አዛውሩ። በቴሌግራም መላክ የግድ ከሆነ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ቪዲዮ የላካችሁት ተጨምቆ ይደርሳል። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂ ላይ ሥሩ።

ከዚያ ቅጂውን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ክፈቱና የምስል ፍጥነቱን ወጥ አድርጉት። ብዙ ስልኮች የሚቀዱት በሚለዋወጥ ፍጥነት ነው፤ ካልተስተካከለ ድምፁና ምስሉ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። አሁን ሁለቱን ጭብጨባዎች አመሳክሩ። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ድምፁ እጆቹ በተገናኙበት ምስል ላይ ከዋለ ደህና ነው። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ መጨረሻ ላይ ከአንድ ምስል በላይ ከራቀ ያ ቀረጻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አዎ፣ ጣሉት። እኔም ጥያለሁ።

ደረጃ 7፦ ትንፋሽን ያለ ድምፅ አመልክቱ

ኤላን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ቪዲዮውን ምስል በምስል ያራምዳል፤ ከሥሩም ምልክት የምታደርጉባቸው መስመሮች አሉት። አንድ መስመር «ትንፋሽ»፣ ሌላውን «ጩኸት» በሉ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ነው። ድምፁን ዝጉ፤ የድምፅ ሞገዱን መስኮትም ደብቁ። የግልገሉ ጭንቅላት የሚታይበትን የስክሪን ክፍል በወረቀት ሸፍኑ። የሚያመለክተው ሰው ጩኸቱ የት እንዳለ ካወቀ ዓይኑ የሚፈልገውን ያያል፤ ይህ የማናችንም ጠባይ ነው። የሚቻል ከሆነ በቀረጻው ጊዜ ያልነበረ ጓደኛችሁ ያመልክት።

የጎኑ መስመር ወደ ውጭ መውጣት የጀመረበት ምስል የመሳብ መጀመሪያ ነው። መውጣቱን አቁሞ መመለስ የጀመረበት ደግሞ የማስወጣት መጀመሪያ ነው። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ብቻ አስቀምጡ። ከማስወጣት በኋላ ጎኑ ጸጥ የሚልበት ትንሽ ፋታ ካለ ከማስወጣቱ ጋር ቁጠሩት፤ ይህንንም ጻፉ።

*ችግር ከገጠመ፦* ግልገሉ ሲጮኽ ሆዱ በኃይል ስለሚኮማተር መላ ሰውነቱ ይነቃነቃል። ያን ጊዜ የጎኑን መስመር ከዳሌው አጥንት ጋር እያስተያያችሁ ተመልከቱ። ሁለቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ ጎኑ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ትንፋሽ ነው። መወሰን ካልቻላችሁ «አይታወቅም» በሉ። ከአሥሩ ትንፋሽ አንዱ «አይታወቅም» ቢሆን ያለ ነው፤ ከአሥሩ አራቱ ከሆነ ግን ችግሩ ቀረጻው ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሁለተኛ ሰው ሰጥታችሁ እንደገና አስመልክቱ። ሁለቱ ሰዎች በብዛት ከሁለት ምስል በላይ ከተለያዩ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩና ደንባችሁን አጥብቁ።

ደረጃ 8፦ ጩኸቱን አመልክቱ፣ ከዚያ ቁጠሩ

ድምፁን ለይታችሁ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ክፈቱ። ፕሮግራሙ የስልክ ቪዲዮ አልከፍትም ካለ ኤፍኤፍምፔግ የሚባለው ተጨማሪ አልተጫነም ማለት ነው፤ ወይ ጫኑት ወይም በቪኤልሲ ድምፁን ወደ ዌቭ ፋይል ቀይሩት። ናሙናው በሰከንድ 44,100 ይሁን። የስፔክትሮግራም እይታን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ከጊዜ ጋር የሚያሳየውን ሥዕል) ምረጡና የመስኮቱን መጠን 512 አድርጉት፤ ይህም 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከዚህ ካስፋችሁት የጩኸቱ መጀመሪያ ይደበዝዛል።

የጩኸት መጀመሪያ የምትሉት ደርዝ የያዙት አግድም መስመሮች የታዩበትን ነጥብ ነው። ከእነርሱ በፊት ያለው ጭጋግ የመሰለ ትንፋሽ አይቆጠርም። የሁሉንም ጩኸት መጀመሪያና መጨረሻ በኤላን «ጩኸት» መስመር ላይ አስገቡ። ያማሩትን ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ።

አሁን ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ጩኸት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ የጀመረው በመሳብ ጊዜ ነው ወይስ በማስወጣት ጊዜ? ከመገልበጫው ነጥብ ሁለት ምስል ባልሞላ ርቀት የጀመረውን «አጠራጣሪ» በሉት።

ስሌቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያዋ ጸጥተኛ ደቂቃ መሳብ ከጊዜው ስንት እጅ እንደሚይዝ ደምሩ። ለምሳሌ ያህል 40 በመቶ ነው እንበል። ጩኸትና ትንፋሽ የማይተዋወቁ ቢሆኑ ከ50 ጩኸቶች 20ዎቹ በመሳብ ጊዜ መጀመር ነበረባቸው። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ካገኛችሁ ልዩነቱ ያለ ምንም ውስብስብ ስታቲስቲክስ ይታያል። ጥንቃቄ ግን አለ፤ ግልገሉ ሲጮኽ የማስወጣት ጊዜው ስለሚረዝም የመሳብ ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ድርሻውን በጩኸት ደቂቃዎችም ለኩና ከሁለቱ ዝቅተኛውን ተጠቀሙ። 25 በመቶ ቢወጣ የሚጠበቀው 12 ወይም 13 ነው። በዚያም ልዩነቱ ከቆመ ተማመኑበት።

ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ የተሰበረው ጩኸት ነው። ግልገሉ ረጅም ጩኸት ይጀምርና መሐል ላይ ለቅጽበት ተቆርጦ ይቀጥላል። በዚያች ክፍተት ጎኑ ወደ ውጭ ወጥቶ ከተመለሰ አጭር ትንፋሽ ስቧል። የመጮኽ ፍላጎቱ አልጠፋም፤ ተራውን ግን ለትንፋሽ ለቋል። እነዚህን በተለየ ገጽ መዝግቡ፤ የክፍተቱን ርዝመት በሚሊሰከንድ ጻፉ። ክፍተት ኖሮ ጎኑ ካልተንቀሳቀሰ ግን የትንፋሽ ጉዳይ አይደለምና ሌላ ዓምድ ስጡት።

*ችግር ከገጠመ፦* ከ50 ጩኸት 15ቱ በመሳብ ጊዜ ጀምረው ካገኛችኋቸው «አዲስ ግኝት» ከማለታችሁ በፊት ጭብጨባውን እንደገና ፈትሹ። የድምፅና የምስል አለመግጠም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያመጣል። ጭብጨባው ከገጠመ መሳብና ማስወጣት ተገላብጠው ተመልክተው እንደሆነ እዩ። ይህ በእኔም እጅ ደርሷል፤ ሁለት ቀን የሠራሁበት ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች የተገለበጠ ነበር።

ደረጃ 9፦ አህያዋን ጨምሩ

ይህንን ደረጃ የሚዘልል ሁሉ በመጨረሻ «ድምፅ የሚቆመው አየሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው» ለሚለው ተቃውሞ መልስ ያጣል።

አህያ ስታናፋ ድምፁ በሁለት አቅጣጫ ይወጣል። ቀጭኑና የሚሳበው ክፍል አየር ሲገባ፣ ወፍራሙ አየር ሲወጣ ነው። በከተማው ዳርቻ ጭድና ውሃ የሚያመላልሱ የጋሪ አህዮች አሉ። ባለጋሪውን አስፈቅዳችሁ ጭነቷ ከወረደ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቃችሁ ቅረጹ። ከኋላዋ አትቁሙ፤ ለግልገል የነገርኳችሁ አቀማመጥ እዚህ አይሠራም፤ ያስረግጣችኋል። ከፊት በቀኝ በኩል አዘንብላችሁ የደረቷንና የጎኗን መስመር ያዙ። መቼ እንደምታናፋ አይታወቅምና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሌላ አህያ ስታናፋ ግን ብዙ ጊዜ ትመልሳለች።

አምስት ወይም ስድስት ማናፋት ይበቃል። በደረጃ 7 መንገድ አመልክቱና ከግልገሉ ጎን አስቀምጡት። በአህያዋ መስመር ላይ ድምፅ በሁለቱም የትንፋሽ ክፍሎች ይገኛል፤ በግልገሉ በአንዱ ብቻ። ሁለቱም ማንቁርት አላቸው፣ ሁለቱም አየር ይስባሉ። ስለዚህ የአየሩ አቅጣጫ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ አውታሮቹ በየትኛው ጊዜ ይቀራረቡ የሚለው ውሳኔም አለበት፤ ያ ውሳኔ የነርቭ ሥራ ነው።

ደረጃ 10፦ ሪፖርቱን ስትጽፉ

እንዲህ አትጻፉ፦ «ፕሪቦትዚንገር ኮምፕሌክስ የግልገሉን ድምፅ እንዳገደ አረጋግጠናል።» አላረጋገጣችሁም፤ አንጎሉን አላያችሁም።

እንዲህ ጻፉ፦ «ከሦስት ግልገሎች በተሰበሰቡት ጩኸቶች ውስጥ በመሳብ ጊዜ የጀመሩት በዕድል ከሚጠበቀው በእጅጉ ያነሱ ናቸው። ይህ በአይጦች የአንጎል ግንድ ከታየው የትንፋሽ እገዳ ጋር ይስማማል።» «ይስማማል» የሚለው ቃል ከባድ ሸክም ይዟል፤ አትለውጡት።

ዝምታውንም በሁለት ክፈሉ። በጩኸት ተርታ መሐል፣ በመሳብ ላይ የዋለው ዝምታ የሥራችሁ አካል ነው። እናቱ ተመልሳ ግልገሉ ጡት ሲጠባ የሚመጣው ረጅም ዝምታ ግን ከላይ፣ ከፈቃድ ሰጪው አካባቢ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀረጻችሁ ስለ እርሱ ምንም አይናገርም። እናት ግልገሏን ስታገኝ አፏን ሳትከፍት የምታሰማውን ዝቅ ያለ ድምፅም ከግልገሉ ጋር አትደምሩ፤ ማን እንደጮኸ ከጎን ሆኖ የመዘገበውን ልጅ ወረቀት እያያችሁ አውጡት።

«አይታወቅም» እና «አጠራጣሪ» ያላችኋቸውን ቁጥሮች በሠንጠረዡ ውስጥ አስገቡ። መምህራችሁ መጀመሪያ የሚፈልገው እነርሱን ነው፤ ዜሮ ካየ ቪዲዮውን አምጡ ይላችኋል።